ከአስተርጓሚነት ወደ ወይን ጠጅ ንግድ፦ ለስደተኛ ልጆች ዝርዝር መመሪያ

በአሥር ዓመቴ የአባቴ አፍ ነበርኩ። የቤት ኪራይ ውል ሲፈረም፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሐኪም ሲያነጋግረው መሃል የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ቃል በቃል መተርጎም እንደማያዋጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ረጅም ሐተታ ሲያወርድ አባቴ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ነገ ሥራ እገባለሁ ወይስ አልገባም?» እኔም ሐተታውን ትቼ መልሱን እነግረው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ የወይን ጠጅ ዝርዝር ይዤ ከእንግዶች ፊት ስቆም፣ ሥራው ያው የድሮው ሥራዬ መሆኑን አየሁና ሳቄ መጣ። አምራቹ ስለ አፈሩ፣ ስለ እርሾው፣ ስለ በርሜሉ ዕድሜ ይተርካል። እንግዳው የሚጠይቀው «ዛሬ ማታ አማቶቼ ፊት የማያሳፍረኝ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። አስመጪውም፣ አከፋፋዩም፣ ባለ ሱቁም የሚኖሩት በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ቆመው በማግባባት ነው። የስደተኛ ልጅ የወይን ማሳ ያለው አያት ወይም ምድር ቤት ጠርሙስ የሚያከማች አጎት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ወደዚህ ንግድ ባዶ እጁን አይገባም። የሚጎድለውን እንዴት እንደሚሞላ፣ እኔ ከተሳሳትኩበት ጭምር፣ እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ የምትገቡበትን በር ምረጡ

«ወይን ጠጅ ላይ እሠራለሁ» ማለት «ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ» እንደ ማለት ነው። ማሳ ላይ ተክል የሚገርዝ አለ፣ የሚጠምቅ አለ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድና ስኳር የሚለካ አለ። ከውጭ የሚያስመጣ፣ ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል፣ በችርቻሮ የሚሸጥ፣ የጉምሩክና የመርከብ ወረቀት የሚጨርስ፣ የሚያስተምር፣ የሚጽፍም አለ። ሕዝብ የሚያየው ግን በምግብ ቤት ጠርሙስ የሚከፍተውን ሶምሊየር ብቻ ስለሆነ፣ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል።

የእኔ ምክር የመጀመሪያውን ዓመት በችርቻሮ ሱቅ እንድታሳልፉ ነው። ሥራው አያምርም። 12 ጠርሙስ የያዘ ካርቶን ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ወገባችሁ ያውቀዋል። ነገር ግን በአንድ ቦታ የብዙ አገር መለያ እያያችሁ፣ ዋጋ እያነጻጸራችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዢ በራሱ አፍ ሲናገር እየሰማችሁ የምትማሩበት ሌላ ቦታ የለም። በኪሴ ትንሽ ደብተር ይዤ ገዢዎች የሚሉትንና በመጨረሻ የሚገዙትን ጎን ለጎን እጽፍ ነበር። «ለስለስ ያለ ስጪኝ» የሚለው ድድ የሚይዘውን ታኒን (ከወይኑ ልጣጭ የሚመጣውን አፍ አድራቂ ነገር) አልወድም ማለቱ ነው። «ጣፋጭ አልወድም» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ያለውን ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ሊገዛ ይመለሳል። ይህን ማንም መምህር አልነገረኝም።

ከሱቅ የተነሣ ሰው ሩቅ መድረሱን የሚያሳይ ምሳሌ ካስፈለገ ጋሪ ቬይነርቻክ አለ። በ1975 ያኔ የሶቪየት ግዛት በነበረችው ቤላሩስ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአባቱ የመጠጥ መደብር ሠራ፤ በ2006 ካሜራ ፊት ተቀምጦ ወይን ጠጅ እየቀመሰ በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። ከእሱ በፊት ደግሞ ሮበርት ሞንዳቪ ነበር። ወላጆቹ ከኢጣልያ የተሰደዱ ናቸው። አባቱ ወይን ፍሬ በሣጥን እያሸገ ይነግድ ስለነበር፣ ልጆቹ በክረምት ዕረፍት ሣጥን ይቸነክሩ ነበር። ሮበርት በ1966 በናፓ ሸለቆ የራሱን የወይን ጠጅ ፋብሪካ አቋቋመ። ሁለቱም ቤተሰቡ ውስጥ ንግድ ነበራቸው ብትሉኝ እውነት ነው፤ ያ ትልቅ ዕድል ነው። የሌላችሁ ሰዎች የሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ካርቶን እያነሣችሁ ያንኑ ታገኛላችሁ፤ ዘግየት ይላል እንጂ።

ደረጃ 2፦ ቤተሰብን ማሳመን

እናቴ ሐሳቤን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። የያዘችውን ልብስ አጥፋ ከጨረሰች በኋላ «ለዚህ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የስደተኛ ወላጅ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን የሚመኘው ለስም ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ሁሉን ጥሎ የመጣ ሰው፣ ነገም ሁሉን ጥሎ መሄድ ቢመጣ በየትኛውም አገር እንጀራ የሚያበላ ሙያ ይፈልጋል። ይህን ፍርሃት አትናቁት፤ መልስ አዘጋጁለት። ስለ ደሞዝ ከሆነ በወረቀት አሳዩ፦ የሥራ ውል፣ የመጀመሪያ የደሞዝ ደረሰኝ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የት እንደምትደርሱ። ስለ ሃይማኖት ከሆነ አትከራከሩ። ጠርሙስ ወደ ቤት አታምጡ፣ ስለ ሥራችሁ ስታወሩ ስለ ሰዎቹና ስለ አገሩ አውሩ። ራሳችሁ በሃይማኖት ምክንያት የማትቀምሱ ከሆነ ደግሞ በማጓጓዝ፣ በሒሳብ፣ በመለያ ንድፍ ብርጭቆ ሳትነኩ የምትሠሩበት ቦታ አለ።

ስለ ስካር ሲፈሩ ግን ልክ ናቸው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያ ምድብ ያስገባው በ1988 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ በግልጽ አስታውቋል። ሙያው ሰውን በጸጥታ ይበላል፤ ጎበዝ የሥራ ባልደረቦቼ ሲወድቁ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መትፋት ልመዱ። የምሬን ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በውኃ ተለማመዱ። ቀጥ ብሎ፣ ሳይረጭ፣ ሸሚዝ ሳይነካ መትፋት ሙያ ነው። የተፋ ሰውም ቢሆን ጥቂት አልኮል በአፉ ወደ ሰውነቱ ይገባልና፣ ሠላሳ ዓይነት ቀምሳችሁ መኪና አትንዱ። ከፈረቃ በኋላ የተረፈውን ጠርሙስ «እንጨርሰው» የሚል ሁሌም አይጠፋም። ያን ሰዓት ወደ ቤት ሂዱ።

ደረጃ 3፦ አፍንጫን ማሠልጠን፣ ቃላትን መማር

ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ብዙ የስደተኛ ልጅ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው የቅምሻ ትምህርቴ ላይ መምህሩ ሶቪኞን ብላን የተባለ ነጭ ወይን ጠጅ ቀድቶ «ምን ይሸታችኋል?» አለ። ግማሹ ክፍል በአንድ ድምፅ «ጉዝቤሪ!» አለ። እኔ ጉዝቤሪ የሚባል ፍሬ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ካቤርኔ ሶቪኞን ስለተባለው ቀይ ሲነሣ ደግሞ «ብላክከረንት» ተባለ፤ እሱንም አላውቀውም። አፍንጫዬ ደንቆሮ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። የሙያው መዝገበ ቃላት የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝ ጓሮ ያደጉ ሰዎች በሚያውቁት ፍሬ ነው። አሜሪካኖች እንኳን ብላክከረንትን በደንብ አያውቁትም፤ ተክሉ የጥድ ዛፍ በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ከ1911 እስከ 1966 ድረስ ማልማቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ቃሉን አለማወቅ ሽታውን አለማሽተት አይደለም። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ የማታውቁትን ፍሬ ፈልጋችሁ አሽትቱ። ትኩሱ ካልተገኘ ማርማላታውን ግዙ። ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ በኩል ወዲያው ወደ አእምሯችሁ የመጣውን በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉ፣ በቀኝ በኩል ፈተናው የሚፈልገውን ቃል። የግራው ዓምድ የእናንተ ትዝታ ነው፤ ወይን ጠጁን ከስድስት ወር በኋላ የምታስታውሱት በእሱ ነው። የቀኙ ዓምድ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ሁለተኛ ቋንቋ መማር ደግሞ ለእናንተ አዲስ አይደለም።

አንድ ምሽት ወጥ ቤት ውስጥ ሳጠና፣ በኦክ በርሜል የቆየ ቀይ ቀድቼ ምንም ሳልጽፍ ተቀመጥኩ። እናቴ አትጠጣም፤ በአጠገቤ ስታልፍ ግን ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን አሸተተችና «ቅርንፉድ አለበት» ብላ መንገዷን ቀጠለች። መጽሐፉን ገለጥኩ። የኦክ እንጨት ሲጠበስ ዩጄኖል የሚባል ንጥረ ነገር ይሰጣል፤ ለቅርንፉድ ሽታውን የሚሰጠውም ያው ዩጄኖል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቅመም ስትመርጥ የኖረች ሴት፣ እኔ የከፈልኩበትን ትምህርት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሁለት ብርጭቆ ታሸትልኝ ነበር። «ለዚህ ነው እንዴ» የሚለው ጥያቄም ቀስ በቀስ ቀረ።

የልምምዱ አካሄድ እንዲህ ነው። አንድ ወይን ጠጅ ብቻውን አትቅመሱ፤ ሁለት አድርጉ፤ ልዩነት የሚማረው በማነጻጸር ነው። ተመሳሳይ የወይን ዝርያ ከሁለት አገር፣ ወይም በርሜል ያየና ያላየ። መጀመሪያ እዩ፦ ቀለሙና ድምቀቱ። ከዚያ አሽትቱ፣ ጻፉ። ከዚያ ቅመሱ፦ ጣፋጭነት፣ አሲድ፣ ታኒን፣ የአልኮል ሙቀት፣ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ የሚቆይበት ጊዜ። አሲድን በምራቅ ታውቁታላችሁ፤ አፍ በምራቅ ከሞላ አሲዱ ከፍ ያለ ነው። ታኒንን ድዳችሁ ይነግራችኋል። በመጨረሻ «ጥሩ ነው? ለምን?» የሚለውን በሁለት መስመር መልሱ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ይሁን፤ የዓለም የደረጃዎች ድርጅት ለቅምሻ ያወጣው 215 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብርጭቆ ርካሽና በቂ ነው።

ወጪውን ተካፈሉት። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ50 ሚሊ ሊትር ሲከፈል ለ15 ሰው ይበቃል። ስድስት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ጠርሙስ ብታመጡ ስድስት ዓይነት ትቀምሳላችሁ፤ የተረፈውን በትንንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ብታቀዘቅዙት ለጥቂት ቀናት ይቆያል።

የማይሸታችሁ ነገር ካለ አትደንግጡ። ሲራ በተባለው ዝርያ የጥቁር ቁንዶ በርበሬ ሽታ የሚያመጣው ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 ይህን ሲያሳዩ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ጨርሶ እንደማያሸተውም አገኙ። የራሳችሁን ዕውር ቦታ ማወቅ ራሱ ዕውቀት ነው። ዕድሜያችሁ ለመጠጥ ሕግ ካልደረሰ ደግሞ ማሽተት አልተከለከለም። ቬይነርቻክ እንደሚናገረው፣ ለመጠጣት ሳይፈቀድለት ሣር፣ አፈርና ድንጋይ ሳይቀር እየቀመሰ ነበር ቃላቱን ያጠናው። አፈሩን እንኳን ተዉት።

ደረጃ 4፦ የምስክር ወረቀት፣ በልኩ

ስማችሁ ለቀጣሪው እንግዳ ሲሆን፣ ወረቀት በር ይከፍታል። ሦስት መንገዶችን ልጥቀስ።

በ1969 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የወይን ጠጅና የአልኮል መጠጦች ትምህርት ተቋም፣ ደብሊው ኤስ ኢ ቲ፣ በብዙ አገር ያስተምራል፤ አራት ደረጃ አለው። ለሱቅ፣ ለአስመጪና ለአከፋፋይ የሚስማማው እሱ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ለመቀጠር ይበቃል። ሦስተኛው ስያሜው ተሸፍኖ መቅመስንና «ለምን» ለሚል ጥያቄ በጽሑፍ መመለስን ይጨምራል፤ ወደ እሱ የምትሄዱት አንድ ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በምግብ ቤት ለሚሠራ በ1977 የተመሠረተው የማስተር ሶምሊየሮች ማኅበር አለ። እሱም አራት ደረጃ ሲኖረው፣ የመጨረሻው ፈተና ስድስት ወይን ጠጅ በ25 ደቂቃ ውስጥ ቀምሶ በቃል መተንተንን ይጠይቃል። ሦስተኛው ማስተር ኦፍ ዋይን የሚባለው ማዕረግ ነው። በ1953 የመጀመሪያውን ፈተና ከወሰዱት 21 ሰዎች ያለፉት ስድስት ብቻ ነበሩ። ዛሬም የቅምሻው ክፍል 36 ወይን ጠጅ ያስቀምጣል፤ ጥናታዊ ጽሑፍም አለው። ገና ስትጀምሩ ስለ እሱ ማሰብ አያስፈልግም።

ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ቀጣሪያችሁን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ግማሹን ወይም ሙሉውን ይከፍላሉ፣ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም። የስደተኛ ልጅ መጠየቅ ያፍራል፤ እኔ ሁለት ዓመት አፍሬ ከፍያለሁ። ነጻ የትምህርት ዕድልም አለ። ጄራር ባሴ ፈረንሳዊ ሲሆን ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ከማጠብ ተነሥቶ፣ ማስተር ሶምሊየርም ማስተር ኦፍ ዋይንም ሆኖ በ2010 የዓለም ምርጥ ሶምሊየር ተብሏል። በ2019 ካረፈ በኋላ በስሙ የተቋቋመው የትምህርት ድጋፍ ከ2021 ጀምሮ በሙያው ቁጥራቸው ያነሰ የጥቁርና የሌሎች ማኅበረሰብ ልጆችን ወደ ሁለቱ ከፍተኛ ማዕረጎች እንዲደርሱ ይረዳል። በአሜሪካ ደግሞ በ2020 የተመሠረተው ሩትስ ፈንድ አለ።

ደረጃ 5፦ አንድ የለቀማ ወቅት በጠመቃ ጓዳ ውስጥ

ሻጭም ብትሆኑ አንድ ጊዜ ጠመቃ ላይ ሥሩ። በሰሜኑ የምድር ክፍል ለቀማው በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ በደቡቡ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። ስለዚህ በአንድ ዓመት ሁለት ወቅት መሥራት ይቻላል፤ ብዙ ወጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ይማራሉ። የወጣቶች የሥራና የጉብኝት ቪዛ የሚሰጠው ግን በያዛችሁት ፓስፖርት ዓይነት ነው። ሁለት ዜግነት ያላችሁ የትኛው እንደሚያዋጣ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁም ወጥታችሁ ስትመለሱ ፈቃዱ እንዳይቋረጥ ቀድማችሁ አጣሩ። ይህን ሌሎቹ ሠልጣኞች አያስቡትም፤ እናንተ ግን የግድ ማሰብ አለባችሁ።

ሥራው በአብዛኛው ማጠብ ነው። ቱቦ ማጠብ፣ ጋን ማጠብ፣ ወለል ማጠብ። በቀይ ወይን ጠጅ ጥንስስ ላይ ልጣጩ በጋዝ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣና እንደ ክዳን ይደርቃል። በቀን ደጋግሞ ወደ ታች መድፈቅ ያስፈልጋል፤ ቀለሙና ታኒኑ ያሉት እዚያ ነውና። ገፈት ቀማሽ የሚለው አነጋገር ለእኔ ትርጉሙ የሰፋው በዚያ መድፈቂያ ላይ ተንጠልጥዬ አረፋው ፊቴ ላይ ሲፈነጥቅ ነው። በየጠዋቱ ስኳር ትለካላችሁ። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ወደ 17 ግራም የሚጠጋ ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ 221 ግራም የነበረው ጭማቂ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህን ስሌት በእጃችሁ ከሠራችሁት በኋላ ሞቃት ዓመት ለምን ጠንካራ ወይን ጠጅ እንደሚያወጣ ለገዢ ስታስረዱ ድምፃችሁ ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። ጥንስሱ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፣ ጋንና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሰው ይገድላል። የጋዝ መለኪያ ሳይገባ፣ በር ላይ ጠባቂ ሰው ሳይቆም ጋን ውስጥ አትግቡ። ጓደኛችሁ ውስጥ ወድቆ ብታዩት ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለውን ሰው ጥሩ። በዚህ አደጋ ሁለተኛው ሟች ብዙ ጊዜ ሊያድን የገባው ሰው ነው። አዲስ ሠራተኛ፣ በተለይ ቋንቋው ያልጠራለት ስደተኛ፣ «አልገባም» ማለት ይከብደዋል። እናንተ ግን በሉት።

ደረጃ 6፦ ሒሳቡን ልመዱ

ወይን ጠጅ የሚወድ ሰው ሞልቷል። ወይን ጠጅ ወዶ ሒሳብ የሚችል ግን ጥቂት ስለሆነ በፍጥነት ያድጋል።

የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። አንድ አነስተኛ መደብር ውስጥ ኃላፊው «30 በመቶ ትርፍ ይኑረው» ብሎ ዋጋ እንድሠራ አዘዘኝ። በ10 የተገዛውን በ13 አደረግሁ። ወራት አለፉ፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠርታኝ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ ሦስቱን ለአሥራ ሦስት ስናካፍል 23 በመቶ ብቻ ነው። ከመሸጫው ዋጋ 30 በመቶ እንዲቀር ከተፈለገ አሥሩን ለ0.7 ማካፈል ነበረብኝ፤ መሸጫው 14.29 ይሆናል ማለት ነው። በግዢ ዋጋ ላይ የሚጨመረውና ከሽያጭ የሚቀረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መደብሩ በእኔ ምክንያት ያጣውን ስደምር ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በብርጭቆ ሽያጭም እንዲሁ ነው። 150 ሚሊ ሊትር የሚቀዳ ከሆነ ጠርሙሱ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። አስተናጋጁ በደግነት 15 ሚሊ ሊትር ቢጨምር ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ግማሽ ብርጭቆ የሚጠጋ ጠፋ፤ በሳምንት ስንት ጠርሙስ እንደሚከፈት አስቡት። በቡሽ ችግር የሚበላሽም አለ። ቲ ሲ ኤ የሚባለው ውህድ በአንድ ሊትር ውስጥ በጥቂት ናኖግራም ብቻ ወይን ጠጁን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። አታፍስሱት፤ በቡሹ መልሳችሁ ክደኑትና ለአከፋፋዩ አሳዩ፣ ብዙዎቹ ይተካሉ።

አከፋፋይ ዘንድ ከገባችሁ ደግሞ ዋናው ነገር ዱቤ ነው። አምራቹ በ30 ቀን ይከፈለኝ ይላል፣ ምግብ ቤቱ በ60 ቀን ይከፍላል። ያችን አንድ ወር ማን ይሸፍናታል? ሽያጩ እየጨመረ የሚዘጋ ድርጅት ያያችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ የተለየ ፊት ይዞ መታየት

አንድ ትልቅ የቅምሻ ዝግጅት ላይ ከራሴ ጠረጴዛ ኋላ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ባዶ ብርጭቆ ሰጥቶኝ ሄደ። አስተናጋጅ መስሎት ነው። ተመልሶ መጥቶ «ባለሙያዋ የት ናት?» ሲል «እዚሁ ናት፤ ከነጩ እንጀምር?» አልኩት። ከዚያ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም፤ ቁጣው እውነት ቢሆንም ጠረጴዛዬን ይዘጋብኛል። ደጋግሞ ከመጣና ከኃላፊ ከመጣ ግን ቀኑንና ቃሉን መዝግባችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

የሚጠቅማችሁም ጎን አለ። የራሳችሁ ስም ዕድሜ ልክ ሲጣመም ስለኖረ፣ የሌላውን ስም በትክክል መጥራት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። የአምራቹን መንደርና የቤተሰቡን ስም አጠራር ደውላችሁ ከራሱ ተማሩ። እኔ ይህን አድርጌ አንድ አዛውንት አምራች ስልኩን ይዘው ከት ብለው ስቀዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ጥቂት ብቻ የሚያወጡትን ምርት ለእኛ አስቀመጡልን።

ብቻችሁን አትሁኑ። ከዚምባብዌ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድደው ምግብ ቤት ውስጥ ከታች የጀመሩ አራት ሶምሊየሮች በ2017 ዚምባብዌን ወክለው ፈረንሳይ ውስጥ በዓለም አቀፍ የቅምሻ ውድድር ተሰልፈዋል። ከአራቱ አንዱ ቲናሼ ኛሙዶካ ኋላ ላይ ኩሙሻ የተባለ የራሱን ወይን ጠጅ አወጣ፤ ቃሉ በሾና ቋንቋ የትውልድ ቤትን ያመለክታል። አራት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ መለማመዳቸው ነው ያደረሳቸው። እናንተም አራት ሰው ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ የራስ ንግድ

አምስት ዓመት ያህል ከሠራችሁ በኋላ ይህ ሐሳብ ይመጣል። ማሳ ለመግዛት አትቸኩሉ። በትንሽ ገንዘብ የሚጀመረው ድለላ ነው፦ አምራችና አስመጪ አገናኝታችሁ ከሽያጩ ድርሻ ትወስዳላችሁ፤ መጋዘንም ክምችትም አይጠይቅም። ቀጥሎ ማስመጣት አለ። የራስ መለያ የሚፈልግም የሌላውን ማሳ ፍሬ ወይም የተጠመቀ ወይን ጠጅ ገዝቶ በሌላው ፋብሪካ ማሳሸግ ይችላል፤ በሙያው የቆየና የተከበረ አሠራር ነው።

የሁላችንም የመጀመሪያ ፈተና ለወገኖቻችን ብቻ መሸጥ ነው። ያውቋችኋል፣ ያበረታቷችኋል፣ የመጀመሪያዎቹን ካርቶኖች ይገዛሉ። በዚያ ላይ ብቻ ከቆማችሁ ግን ዱቤውም ይበዛል፣ ገበያውም በሁለት ዓመት ይሞላል። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ግማሹን ከማያውቁኝ ሰዎች እፈልግ ነበር።

ከአንድ አምራች ጋር ብቻ ጀምሩ፤ ሄዳችሁ አይታችሁት። ውሉ ላይ የትኛውን ግዛት ለብቻችሁ እንደሰጣችሁ፣ ለስንት ዓመት፣ ስንት ካርቶን ካልሸጣችሁ እንደሚፈርስ ይጻፍ። ዋጋው ከጓዳው በር ላይ ነው ወይስ መርከብ ላይ ተጭኖ? ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የፈቃድ፣ የኤክሳይስ ቀረጥና የመለያ ጽሑፍ ሕጉ በየአገሩ ስለሚለያይ፣ መለያው ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቅርቡ። ተለጥፎ ከመጣ በኋላ አንድ መስመር ጎደለ ማለት እያንዳንዱን ጠርሙስ በእጅ መንካት ማለት ነው።

ሙቀት ጠላታችሁ ነው። ኮንቴይነር ወደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው ወይን ጠጁ ተስፋፍቶ ቡሹን ይገፋል። ከጭነቱ ጋር የሙቀት መመዝገቢያ አስገቡ፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ክርክር ሲነሣ ግን ከጠበቃ ትበልጣለች። ጭነቱ ሲደርስ መጀመሪያ መመዝገቢያውን አንብቡ። ከዚያ ከላይኛውም ከታችኛውም ረድፍ አንዳንድ ካርቶን አውርዳችሁ ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ማለቱን በጣታችሁ ዳስሱ፣ አንገቱ ላይ የፈሰሰ ካለ ፎቶ አንሡ፣ ሁለት ጠርሙስ ክፈቱና ከአምራቹ ጓዳ የጻፋችሁትን ማስታወሻ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አሽትቱ። ከተስማማ የመረከቢያውን ወረቀት ፈርሙ።